እንዶድና ጉበት፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ሥራ

ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ተራሮች ነው። ወንዙ ከደጋው ወርዶ ቆላውን እስኪያቋርጥ ድረስ ግራና ቀኝ የሚኖረው ገበሬ ከብቱን ያጠጣበታል፤ ልጆቹ ይዋኙበታል፤ ሴቶቹ ልብስ ያጥቡበታል። የላሊበላ ከተማ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ብርዱ የቢልሐርዝያን ትል ለሚያሳድገው ቀንድ አውጣ እምብዛም አይመቸውም። ነገር ግን የላስታ ሰው በደጋው ብቻ ተወስኖ አይኖርም። ዝናብ ሲያንስና መሬት ሲጠብ፣ ለአዝመራ ሥራ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ይወርዳል። ከዚያው ከወሎም ቢሆን በሐይቅ ዙሪያ፣ በቦርከና ሸለቆና በከሚሴ ያለው ውኃ በሽታውን ሲያስተላልፍ ኖሯል። ስለዚህ በእግሩ ወደ ቆላ ወርዶ፣ በእጁ ጥቂት ብር፣ በሆድ ዕቃው ደግሞ ያላወቀውን ትል ይዞ ወደ ደጋው የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

በዚሁ ደጋ፣ በየጓሮውና በየአጥሩ ዳር፣ እንዶድ ይበቅላል። በገና ሰሞን ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምእመን የሚለብሰው ነጠላና ጋቢ፣ ካህናቱም የሚጠመጥሙት ሻሽ፣ የፋብሪካ ሳሙና ሳይታወቅ በፊት ንጣቱን የሚያገኘው ከዚህ ተክል ፍሬ ነበር። ፍሬው ሳይበስል በለጋነቱ ይለቀማል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ በውኃ ሲመታም አረፋ ያወጣል። ይህን የማያውቅ የደጋ ባልቴት አይገኝም። የአንድን አገር የጉበት በሽታ ለመከላከል ያስችል የነበረ ነገር በዚህ አረፋ ውስጥ መኖሩን ግን እስከ 1964 ድረስ ማንም አላስተዋለም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ምልክት እስካልተደረገባቸው ድረስ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያስተዋሉት ሰው አክሊሉ ለማ ነበሩ። የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ በጅጅጋ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ በ1964 የሳይንስ ዶክትሬት ተቀበሉ። ዶክተር መባላቸው ብዙ ሰዎችን ያሳሳታል፤ ሐኪም ይመስሏቸዋልና። እርሳቸው ግን በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆመው ያከሙ ሰው አልነበሩም። ሙያቸው የበሽታ አምጪ ተሕዋስያንን፣ የተሸካሚዎቻቸውንና የሰውን ግንኙነት ማጥናት ነበር። ምናልባትም ወደ ሆስፒታሉ ሳይሆን ወደ ወንዙ ያመራቸው ይኸው ሙያቸው ይሆናል።

የተያያዙት በሽታ ምን እንደ ነበር በሚገባ ካልታወቀ የሥራቸው ክብደት አይታይም። ቴዎዶር ቢልሐርዝ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1851 በካይሮ ትሉን ካገኘ ወዲህ፣ ዓይነቶቹና የሕይወት ዙሩ በየጊዜው ተጠንተዋል። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በብዛት የሚገኘው ዓይነት መኖሪያው የአንጀት ደም ሥር ነው። ወንዱና ሴቷ ትል እንደ ተቃቀፉ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ሴቷም በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች። ከዕንቁላሉ ከፊሉ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ወንዝ ከገባ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል፤ በዚያም ተባዝቶ፣ ጅራት ያለው ረቂቅ እጭ ሆኖ ከሳምንታት በኋላ ይወጣል፤ እግሩን ውኃ ውስጥ ያስገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። መውጫ ያጣው ሌላው ከፊል ዕንቁላል ደግሞ በደሙ ጎርፍ ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል።

የበሽታው ክፋት እዚህ ላይ ነው። ትሉ ራሱ ጉበቱን አይበላም። ጉበቱን የሚጎዳው አካሉ ዕንቁላሉን ለመክበብ የሚገነባው ቁስልና ጠባሳ ነው። ጠባሳው በደም ሥሮቹ ዙሪያ እየወፈረ ስለሚሄድ፣ ሲመርስ የተባለው ሊቅ በ1904 በግብፅ እንዳሳየው፣ የተቆረጠ ጉበት የሸክላ ፒፓ እጀታዎች የተሰኩበት ይመስላል። ከአንጀት ወደ ጉበት የሚወጣው ደም መንገዱ ሲጠብበት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፤ በጉሮሮ ቧንቧ ዙሪያ ያሉት ደም ሥሮች ተወጥረው አንድ ቀን ይፈነዳሉ። ደም እያስታወከ ከመጣ ወጣት ገበሬ አጠገብ ያደረ ሐኪም ይህን አይዘነጋውም። እዚያ ደረጃ የደረሰው ከተያዙት ጥቂቱ ነው፤ የቀሩት ልጆች ግን ደማቸው እየቀነሰ፣ እድገታቸው እየቀጨጨ፣ ትምህርት እየከበዳቸው ይኖራሉ። የተያዘ ሰው ቢታከምም ነገ ወደዚያው ወንዝ ይወርዳል። ውኃ መቅጃው፣ መሻገሪያው፣ መታጠቢያው አንድ ነውና።

በ1964 አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። በከተማዋ ጅረቶች ዳር እየተዘዋወሩ ሲቆጥሩ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው አገኙ። ብዙ ተመራማሪ ይህን አይቶ በማስታወሻው ጽፎ ያልፍ ይሆናል። እርሳቸው ግን ሴቶቹ በምን እንደሚያጥቡ ጠየቁ። እንዶድ እንደ ሆነ ሲነገራቸውም፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ እንድትጨምር ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው፣ ደማቸው ፈስሶ ሞቱ። ሙከራው ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አልጠየቀም። የሴትዮዋ ስም በየትኛውም የሳይንስ ጽሑፍ አልሰፈረም፤ ሊታሰብበት የሚገባ ጉድለት ነው።

የመጀመሪያው ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። አንድ ወጣት ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ግኝት ለባሕር ማዶ መጽሔት ከመላክ ይልቅ፣ ገና ጥቂት ዓመት ለሆነው ለአገሩ መጽሔት ማስቀደሙ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሰፊው የቤተ ሙከራና የመስክ ጥናት በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1970 ነበር። በእነዚህ ዓመታት የተረጋገጠው ነገር የሚከተለው ነው። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ዱቄት፣ በአንድ ሚሊዮን እጅ ውኃ ከ15 እስከ 30 እጅ ብቻ ሆኖ ቢጨመር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣውን ይገድላል። ገዳዩ ንጥረ ነገር አረፋ አውጪ የሆነው ሳፖኒን ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲያጣሩት ከአግኚው ስም ወስደው ለማቶክሲን አሉት። በውኃ ውስጥም ብዙ ሳይቆይ ይበሰብሳል፤ በዚያ ዘመን ከውጭ በብዙ ወጪ እንደሚገቡት ኬሚካሎች ተጠራቅሞ አይቀርም። ድክመቱም አልተደበቀም። የቀንድ አውጣውን ዕንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ እየደጋገሙ መጨመር ያስፈልጋል። ዓሣንም ይገድላል። ይህንንስ በየአገሩ በእንዶድ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ከሳይንቲስቱ በፊት ያውቀዋል።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ኢንስቲትዩቱ በቢልሐርዝያ ብቻ አልተወሰነም። በ1969 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት በኢትዮጵያ ደጋ ስላለው የቁንጭር በሽታ የተደረገ ጥናት፣ የደጋው ሰው ፊት ላይ የሚቀረው ጠባሳ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት መንገድ ከከፈቱት አንዱ ነው። ሰው ያሠለጠኑበት፣ ሐኪሙንና የዕፀዋት አዋቂውን፣ ኬሚስቱንና የነፍሳት ተመራማሪውን አንድ ጣራ ሥር ያስቀመጡበት ቤት ነበር። በዘመኑ እንዲህ ያለ ቤት በአህጉሩ ጥቂት ነበር።

ከባልደረቦቻቸው ሁሉ ሥራው ከእንዶድ ጋር ተሳስሮ የቀረው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነው። የእርሻ ተመራማሪው ለገሠ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍል የእንዶድ ዝርያዎችን ሰበሰበ፤ ቁጥራቸው 65 ያህል ደረሰ። ዘሩን እየተከለ፣ ፍሬውን እየለካ፣ ኃይሉን እየፈተነ፣ ብዙ የሚያፈራውንና በሽታ የሚቋቋመውን ለየ። ከነዚህ ውስጥ ዝርያ 44 የተባለው በላጭ ሆኖ ተገኘ። የአጥር ተክልን ወደ ማሳ ሰብል ለመለወጥ የተደረገው ይህ ልፋት ለዜና አይመችም፤ ስለዚህ ብዙ አልተወራለትም። ነገር ግን እንዶድ ከአጣቢ ሴት ማድጋ ወጥቶ ለአንድ ወረዳ ወንዞች ይብቃ ከተባለ፣ ያለዚህ ሥራ የማይታሰብ ነበር።

ታላቁ ፈተና የተደረገው በዓድዋ ነው፤ ከ1969 እስከ 1974 ድረስ አምስት ዓመት ፈጀ። ከአካባቢው የተለቀመው እንዶድ ተፈጭቶ በጅረቶቹ ውስጥ በየጊዜው ተጨመረ፤ የቀንድ አውጣው ብዛት ተቆጠረ፤ የሕዝቡ ዓይነ ምድርም ተመረመረ። የሁሉም ዕድሜ ተደምሮ ሲታይ የተያዘው ሰው ቁጥር በግማሽ ገደማ ወረደ። ይበልጥ የሚያሳምነው ግን በሕፃናቱ ላይ የታየው ነው። ከስድስት ዓመት በታች ከሆኑት ልጆች የተያዙት ከ50 በመቶ ገደማ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ትልልቆቹ ሰዎች ትሉን ከጥናቱ በፊት ሊሸከሙት ይችላሉ፤ ትሉ ለዓመታት ይኖራልና። ሕፃናቱ ግን በጥናቱ ዓመታት ወደ ወንዝ መውረድ የጀመሩ ስለ ሆኑ፣ የእነርሱ ንጽሕና የወንዙን መንጻት የሚመሰክር ነው።

ጥናቱ ባበቃበት በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። ከዚያም ትግራይ የጦርነት አውድማ ሆነች። በዓድዋ የተጀመረውን ወደ ሌላው የተከዜ ተፋሰስ፣ ወደ ወሎ ቆላዎችም ለማስፋት የታሰበው ሁሉ ቆመ። ሙሉው ውጤት በመጽሔት የወጣው በ1983 ነው፤ ፈተናው ካበቃ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አገራቸውን ለቅቀው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ መሥራት ያዙ። ኋላም በኢጣልያ በፍሎሬንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጉዳይ ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። የሥራ መስካቸው ቢለወጥም ሐሳባቸው ከእንዶድ አልወጣም።

በሕይወታቸው ከሁሉ ያስመረራቸው ግን የጦርነቱ ነገር አልነበረም። የዓለም የጤና ድርጅትና ገንዘብ ሰጪዎቹ ተቋማት እንዶድን ለመቀበል ያሳዩት ዳተኝነት ነበር። የቀረበው ምክንያት የመርዛማነቱ ጥናት በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ ቤተ ሙከራ፣ በወጣው ሥርዓት መሠረት አልተሠራም የሚል ነበር። ይህ ምክንያት ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። በእንዶድ ልብስ ማጠብ አንድ ነገር ነው፤ ሰውና ከብት በሚጠጣው ጅረት ውስጥ ዱቄቱን በኩንታል መጨመር ሌላ ነው። ዓይን እንደሚቆጠቁጥ ማንኛዋም አጣቢ ትናገራለች፤ ሴቶች በምስጢር ለውርጃ ሲጠጡት ያደረሰውን ጉዳትም ሐኪሞች አይተዋል። ይሁን እንጂ ጥናቱን የጠየቀው ወገን ጥናቱ የሚደረግበትን ቤተ ሙከራና ገንዘብ አልሰጠም፤ በአፍሪካም እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው ትክክል ሆኖ ሳለ ውጤቱ በር መዝጋት ሆነ። ዶክተር አክሊሉ በየስብሰባው አበክረው ያስረዱት የነበረው ነገር ይኸው ነበር። በእርሳቸው አስተያየት፣ ችግሩ ከመርዙ ይልቅ የአፍሪካ ሳይንቲስት ያገኘው ነገር የማይታመን መሆኑ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገር መጣ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በጀርመን ኩባንያዎች ተሠርቶ ወጣ፤ በአንድ ቀን የሚዋጥ ክኒን ትሉን ይገድላል። በ1980ዎቹ የዓለም የጤና ድርጅት ፊቱን ከቀንድ አውጣው ወደ በሽተኛው አዞረ። ለጉበቱ ይህ ትልቅ ዜና ነበር። በሽታው ሥር ሳይሰድ የተዋጠ ክኒን ጠባሳው እንዳይከብድ ያደርጋል፤ በልጆች ላይ የተጀመረውንም አንዳንዴ ይመልሳል። ለእንዶድ ግን መጥፎ ዜና ሆነ። ክኒኑ በመርከብ ይመጣል፣ ወንዙ ግን እንደ ነበረ ይቀራል የሚለው የዶክተር አክሊሉ ክርክር ሰሚ አጣ። ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ይሻል እንደ ነበር አሁን ብዙዎች ይስማማሉ።

እርሳቸው ግን አልተዉትም። በ1983 በዛምቢያ በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ በምባባኔ፣ ስለ እንዶድ ብቻ የሚመክሩ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤዎች እንዲደረጉ አስተባበሩ። ከካሊፎርንያ ፕሮፌሰር ዶናልድ ሔይንማን አጥብቀው ደገፏቸው። ከካናዳ በተገኘ እርዳታ ሲጠየቅ የኖረው የመርዛማነት ጥናት በሥርዓቱ ተሠራና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታተመ፤ ለዓይን ከመቆጥቆጡ በቀር ሲጠቀሙበት የሚያሰጋ ከባድ ጉዳት አልተገኘበትም። በ1964 የታየውን ነገር ለማሳመን ሩብ ምእት ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ በስቶክሆልም የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ታሪኩን ለማንም በማይመች መንገድ ጠመዘዘው። በ1990 በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርስቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በዚያው የታላላቆቹ ሐይቆች ሰዎች ከአውሮፓ መጥቶ የውኃ ቧንቧቸውን ስለ ደፈነው ዜብራ የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ ሲያማርሩ ሰሙ። እንዶድ ይህንንም ይገድል እንደ ሆነ ተፈተነ፤ ገደለ። በ1993 ፓተንት ወጣ፤ የእርሳቸውም ስም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኖ ተጻፈ። ለድኻ ገበሬ ጉበት ሩብ ምእት ዓመት ያስጠበቀው ፍሬ ለሀብታም ከተማ ቧንቧ በሦስት ዓመት ተመዘገበ። የአገር በቀል ዕውቀት ተዘረፈ ያሉ ወቀሳውን አሰሙ፤ የዓድዋና የላስታ እናቶች ድርሻ የት አለ ብለውም ጠየቁ። ዶክተር አክሊሉ ከዚህ ገቢ ቢገኝ ለኢትዮጵያ ይተርፍ ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ተስፋው አልተፈጸመም።

መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. (ኤፕሪል 5 ቀን 1997) ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ገና ስድሳዎቹን መጀመሩ ነበር። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሥር በስማቸው ይጠራል፤ የቢልሐርዝያ፣ የቁንጭርና የሌሎችም በሽታዎች ጥናት በዚያው ይቀጥላል። ከ2015 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ፕራዚኳንቴል ይታደላል። ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉት፣ ከደጋ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞችና ገና ትምህርት ያልጀመሩት ሕፃናት በዚህ እደላ በቀላሉ አይገኙም። በዓድዋ ጅረት ዳር ለውጡ ጎልቶ የታየው ደግሞ በእነዚሁ በሕፃናቱ ላይ ነበር። እንዶድ በላስታ አጥር ላይ አሁንም ያፈራል።